ለተፈጥሮ መሳያ ድንጋይ ቁጥር የሚያወጣለት ማን ነው?

የወጥ ቤት ቢላውን በጃፓን የተፈጥሮ ድንጋይ ስሎ ለማጨረስ የሚመኝ ሰው ከሻጮች የሚደርስበትን ነገር ዛሬ ካልተናገርኩት አይወጣልኝም።

በመጀመሪያ ደረጃ የሚያበግነኝ የመሳያውን ልመት ያሳያል የሚባለው ቁጥር ነው። ፋብሪካ የሚያመርተው መሳያ ላይ የሚጻፍ ቁጥር ትርጉም አለው፤ በጃፓን የኢንዱስትሪ ደረጃ መሠረት 1000 የተባለው ቅንጣቱ በአማካይ 11.5 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ)፣ 8000 የተባለው ደግሞ 1.2 ማይክሮን ገደማ ነው፤ አምራቹ ቅንጣቱን አበጥሮና መጥኖ ከማያያዣ ጋር ስለሚለውሰው የሚጽፈውን ያውቃል። ከኪዮቶ በስተ ምዕራብ ካሉ ተራሮች የተፈለጠውን ድንጋይ ግን ማን አበጠረው? ይህ ከ200 ሚሊዮን ዓመታት በላይ በፊት በጥልቅ ባሕር ወለል ላይ የረጋ፣ ሲሊካ የበዛበት ደለል ነው። ከአንድ ንብርብር የወጡ ሁለት ድንጋዮች እንኳ አንድ ዓይነት አይስሉም፤ የውኃው መጠን፣ የእጅ ጫናና ሲሳል ከድንጋዩ የሚወጣው ጭቃ ውፍረት ውጤቱን ይለዋውጡታል። ይህ ሁሉ እየታወቀ «ከ10000 እስከ 12000» ተብሎ ይለጠፍበታል። የማርን ጣዕም በሜትር የመለካት ያህል ነው።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ድንጋዩ የተፈለጠበት ካባ ስም ይመጣል። ናካያማ፣ ኦዙኩ፣ ኦኩዶ፣ ሾቡዳኒ የሚባሉት ስመ ጥር ካባዎች ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ስለዚህ ገበያ ላይ የሚዞረው በአብዛኛው የድሮ ክምችት ነው። ድንጋይ አይቶ ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ በእርግጠኝነት መናገር ዕድሜ ልኩን ለቆፈረውም ከባድ ነው፤ ጀርባው ላይ ያለው ማህተም ደግሞ የቀለም ማህተም ነው፣ ቀለም ያለው ሁሉ ያትመዋል። ያም ሆኖ «ናካያማ» የምትለዋ አንዲት ቃል ዋጋውን ሽቅብ ትሰቅለዋለች።

የጥንካሬው ደረጃ ሌላ ጉድ ነው። እያንዳንዱ ሻጭ የየራሱን መለኪያ ይዞ «ከ5፣ 5» ይላል፤ ገዢውም ከፍተኛው ቁጥር ምርጡ ይመስለዋል። እጅግ ጠንካራው ድንጋይ ለምላጭ እንጂ እንደ ያናጊባ (የጥሬ ዓሣ መቁረጫ) እና ኡሱባ (የአትክልት መቁረጫ) ላሉ፣ ወደ ስለቱ የሚወርደው ተዳፋታቸው ሰፊ ለሆነ የጃፓን ቢላዎች የሚመች አይደለም። እነዚህ ቢላዎች በአብዛኛው ለስላሳ ብረት ከጠንካራ አረብ ብረት ጋር ተበይዶ የሚሠሩ ናቸው፤ የሚፈለገውም ጭቃ የሚሰጥ ለስለስ ያለ ድንጋይ ለስላሳውን ብረት ጭጋግ አስመስሎ አደብዝዞ፣ ስለቱን የያዘውን አረብ ብረት አጥርቶ የሚያወጣው ካሱሚ የሚባለው መልክ ነው። (በእውነቱ የፋብሪካ መሳያ ይህን መልክ በቀላሉ አይሰጥም፤ ባይሆንማ ኖሮ ከነዚህ ሰዎች ጋር ምን ያገናኘኝ ነበር?) እኔ ለያናጊባ ብዬ አስረድቼ ያዘዝኩት ድንጋይ ግን እንደ መስታወት ጠጥሮ፣ ከዚያም አልፎ በውስጡ ያለፈው ቀጭን መስመር ብረቱን ቦጫጭሮት አረፈ። ለሻጩ ከነፎቶው ብጽፍለት «እጅዎ ገና አልተለማመደም» የሚል መልስ ሰጠኝ። እጅ የማይለማመደው ከአንድ ቦታ ብቻ፣ ሁልጊዜም ከዚያው መስመር ላይ ነው እንዴ?

የምንጠይቀው ብዙ አልነበረም። ቁጥር ከማውጣት ይልቅ ድንጋዩን አርጥባችሁ ፎቶ አንሡት፤ ሲደርቅ የማይታየው ስንጥቅና መስመር ሲርስ ይወጣልና። በምን ዓይነት ቢላ ላይ እንደሞከራችሁት ግለጹ፤ ከተሳለ በኋላ ብረቱ ምን እንደሚመስል በቅርብ አሳዩን። ውኃ ሰርጎ እንዳይሰነጥቀው ጎኖቹ በላከር መቀባት አለመቀባታቸውንም ተናገሩ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የመመለሻ ደንባችሁን አስተካክሉ። «ውኃ የነካው ድንጋይ አይመለስም» ይላል። ይህ ድንጋይ ካልራሰ አይስልም፣ ካልሳለ አይታወቅም። የማጓጓዣና የቀረጥ ሒሳብ ከፍዬ ያስመጣሁትን ዕቃ ደረቁን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በማየት ብቻ ደህና ይሁን አይሁን ለይቼ እንድነግራችሁ ነው የምትፈልጉት?