አጥሩ ጋ ያለውን ቦታ ለልጆቹ እንልቀቅላቸው

በማይነር ሊግ ቤዝቦል ስታዲየሞች ፊርማ የሚጠይቁ ትልልቅ ሰዎች ተመልካቹን ከሜዳው ከሚለየው አጥር ትንሽ ፈቀቅ ማለት አለባቸው ብዬ አምናለሁ። በተለይ ለሽያጭ የሚሰበስቡት። ለምን እንዲህ እንደምል ከመናገሬ በፊት ስለ ቦታው ትንሽ ላውራ። ምክንያቱም በእግር ኳስና በሩጫ ያደግን ብዙ ሰዎች ቤዝቦልን የምናውቀው ከሩቅ ነው፤ እዚሁ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ እየኖርን እንኳ።

በከፍተኛው የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ፣ በሜጀር ሊግ፣ 30 ቡድኖች ይጫወታሉ። እያንዳንዱ በስሩ አራት የማይነር ሊግ ቡድኖች አሉት፤ በድምሩ 120 ማለት ነው። ደረጃቸው ከታች ወደ ላይ ሲንግል ኤ፣ ሃይ ኤ፣ ደብል ኤ እና ትሪፕል ኤ ይባላል። ወጣቱ ተጫዋች በየደረጃው እየተፈተነ ይወጣል። አብዛኞቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ፤ ጥቂቶቹ ጫፍ ይደርሳሉ።

በሜጀር ሊግ ስታዲየም ሜዳው አጠገብ ያለው ወንበር ውድ ነው። የዚያ ቦታ ቲኬት ከሌለህ ብዙ ጊዜ አስተናጋጁ ይመልስሃል። በማይነር ሊግ ግን በሩ ሲከፈት ልጅህን ይዘህ እስከ አጥሩ ድረስ መውረድ ትችላለህ። ተጫዋቹ ሰውነቱን አፍታቶ ሲጨርስ ወደ መቀመጫው ሲመለስ በልጅህ ፊት ያልፋል። ዕድሜው 19 ወይም 20 ይሆናል። ብዙዎቹ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክና ከቬኔዝዌላ ገና በ16 ዓመታቸው ፈርመው የመጡ ናቸው። እንግሊዝኛውን እየተማሩ ነው። ቤተሰቦቻቸው ሩቅ ናቸው። የስደተኛ ልጅ አጥሩ ጋ ቆሞ ስሙን ጠርቶ ሰላም ሲለው የሚመለስለትን ፈገግታ አይቻለሁ። የጽሑፌም ምክንያት እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ደግሞ ቅርባችን ነው። በ2018 የጸደይ ወራት ሁዋን ሶቶ የሚባል የ19 ዓመት ዶሚኒካዊ ዉድብሪጅ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በዋሽንግተን ናሽናልስ ስር ለነበረው ማይነር ሊግ ቡድን ለፖቶማክ ናሽናልስ ይጫወት ነበር። ጥቂት ሳምንት ብቻ ቆየ። ሜይ 20 ቀን ለዋሽንግተን ናሽናልስ በሜጀር ሊግ ተሰለፈ። በዲሴምበር 2024 ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር የ15 ዓመት፣ የ765 ሚሊዮን ዶላር ውል ተስማማ። ዛሬ አጠገቡ ለመድረስ የሚከፈለውን አስቡት። ያኔ ግን ለዉድብሪጅ ልጅ በመካከላቸው የነበረው አንድ አጥር ብቻ ነው። የዉድብሪጁ ቡድን አሁን ፍሬድሪክስበርግ በ2021 በተከፈተ አዲስ ስታዲየም ይጫወታል። በኋላ ለዋሽንግተን ናሽናልስ የተሰለፈው ጄምስ ዉድ በ2022 ያለፈው በዚያ ነው። ቡዊ ሜሪላንድ ደግሞ የባልቲሞር ኦሪዮልስ ደብል ኤ ቡድን አለ። አድሊ ረችማን፣ ጋናር ሄንደርሰንና ጃክሰን ሆሊዴይ በዚያ ሜዳ አልፈው ነው ባልቲሞር የደረሱት።

አሁን ወደ ችግሩ ልግባ።

ስማቸው የገነነ ወጣቶች በሚጫወቱበት ቀን በሩ ገና ሳይከፈት የሚሰለፉ ሰዎች አሉ። የተጫዋቾች ፎቶ የታተመባቸው ካርዶች የሞሉበት ወፍራም መያዣ ታቅፈዋል። የአንድ ተጫዋች ካርድ አስርም ከዚያም በላይ ይይዛሉ። በሩ ሲከፈት ሮጠው አጥሩን ይይዛሉ፤ ከኋላ የቆመው የስምንት ዓመት ልጅ የሚያየው ጀርባቸውን ነው። ተጫዋቹ ሲመጣ አንዱን አስፈርመው ሌላውን ይዘረጋሉ። እሱ በዚያ ሰዓት ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ደቂቃዎቹ እነሱ ላይ ያልቃሉ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ደግሞ ለማያውቁት ልጅ ካርድ ሰጥተው "አስፈርምልኝ" የሚሉት ናቸው። ልጁ እምቢ ማለት አይችልም። የራሱን ኳስ ትቶ የሰውየውን ካርድ ያስፈርማል።

ተጫዋቾቹም ሞኞች አይደሉም፤ ያውቁባቸዋል። አንዳንዱ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ብሎ ይወስናል። አንዳንዱ የጠያቂውን ስም ጨምሮ ይጽፋል። አንዳንዱ ግን ይሰለቻል፤ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ያኔ ባዶ እጁን የሚቀረው ሻጩ ብቻ አይደለም፤ ልጁም አብሮ ይቀራል።

ስለ ሰዎቹ "ቲኬት ከፍለው ገብተዋል፤ ምን አገባህ?" የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ከፍለዋል። ግን ፊርማውን ማን እንደሚሰጥ እንይ። እስከ 2022 ድረስ የሲንግል ኤ ተጫዋች ዝቅተኛ የዓመት ደመወዝ 11,000 ዶላር ገደማ፣ የትሪፕል ኤው 17,500 ዶላር ነበር። በ2022 የተጫዋቾች ማኅበሩን ተቀላቅለው በ2023 በተፈረመው ስምምነት ነው ወደ 26,200 እና 35,800 ከፍ ያለው። ከዚህ ላይ በነጻ የሚሰጠውን የደግነት ፊርማ በዚያው ምሽት ኢንተርኔት ላይ ለጨረታ ማውጣት ደስ አይልም። ሕገ ወጥ አይደለም፤ ነውር ግን ነው።

በነገራችን ላይ ለዓመታት ፊርማ የሚሰበስቡ፣ አንድ ኳስ አስፈርመው ቤታቸው የሚያስቀምጡ አዛውንቶችን አልወቅስም። ከእነሱ ብዙ ተምሬአለሁ። ማንም የማያውቀውን ተጫዋች በስሙ የሚጠሩት እነሱ ናቸው። ልጅ ሲመጣም ቦታ ይለቃሉ።

የሽያጩ ገበያ ሌላም ጣጣ አለው። በ1990ዎቹ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ ትልቅ የሐሰተኛ ፊርማ መረብ በጣጥሷል። አስመሳዮቹ የሞቱ ሰዎችን ፊርማ ሳይቀር ያመርቱ ነበር፤ ከተያዙት መካከል የማዘር ቴሬዛ ፊርማ ያለበት የቤዝቦል ኳስ ይገኛል። ሜጀር ሊግ በ2001 የራሱን የማረጋገጫ አሠራር የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ገዢ ምንጊዜም ጥርጣሬ አለበት። የተጫዋቹን እጅ በዓይኑ ያየ ልጅ ግን ማረጋገጫ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ልጆቻችሁን ውሰዱ። ስማቸው እንዲጻፍላቸው ይጠይቁ። ነጋዴዎች ስም የተጻፈበት ኳስ ዋጋው ይወርዳል ይላሉ፤ እኔ የምወደውም ለዚሁ ነው። ናትናኤል ወይም ሶልያና ስሟን ፊደል በፊደል ስትነግረው ተጫዋቹ ቆም ይላል፤ ቀና ብሎ ያያታል። ያቺ ሰከንድ አትሸጥም።

ጥቂት የሚጠቅሙ ነገሮች ልጨምር። በሩ ሲከፈት ድረሱ፤ ብዙ ጊዜ ከጨዋታው አንድ ሰዓት ያህል በፊት ነው። የዕለቱን ጨዋታ የሚጀምረውን ኳስ ወርዋሪ አትጠይቁት፤ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። የማይሰለፉት ወርዋሪዎች ግን ጊዜ አላቸው፤ ማንም ስለማይከባቸውም ደስ ብሏቸው ያወራሉ። ለኳስ ሰማያዊ ስክሪብቶ ያዙ፤ ማርከር ቆዳው ላይ ከጊዜ በኋላ ይፈሳል። ማርከር ለካርድ ነው። የተጫዋቹን ስም ከዝርዝሩ አይታችሁ ልጁን አስጠኑት፤ በቁጥር መጠራት ማንም አይወድም። ከ2021 ጀምሮ እንግዳው ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ከማክሰኞ እስከ እሁድ ስድስት ጨዋታ ስለሚያደርግ፣ ማክሰኞ ያመለጠ ተጫዋች ቅዳሜ ይገኛል።

ለቡድኖቹም ጥያቄ አለኝ። ከተጫዋቾቹ መቀመጫ አጠገብ ካለው አጥር አንዱን ክፍል ከ14 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ይከልሉት፤ ጨዋታው ሃያ ደቂቃ እስኪቀረው ድረስ። ለአንድ ልጅ አንድ ፊርማ ይሁን። ወላጅ ከኋላ ይቁም። አስተናጋጆቹ እንደሆነ እዚያው ናቸው። አንዳንድ ቡድኖች እሁድ እሁድ የልጆች የፊርማ ሰዓት ያዘጋጃሉ፤ ጥሩ ነው፣ ግን የትኛው ተጫዋች ለፊርማ እንደሚቀመጥ የሚመርጠው ቡድኑ ነው። ልጁ የሚወደውን ራሱ መርጦ እንዲጠራ አጥሩ ያስፈልገዋል። ለምትሄዱበት ቡድን ጽሕፈት ቤት ይህንኑ በኢሜይል ጻፉላቸው። እነዚህ ትናንሽ ቡድኖች ከተመልካች የሚመጣ ደብዳቤ ያነባሉ። እኔ የኔን ልኬአለሁ።