አንበሳ ካላየን ብራችን ይመለስ

የአዲስ አበባን ሰው በብዙ ነገር ያሙታል። በፓርክ ጉብኝት ግን አፋቸውን ይያዙ። በዚህ የሚደርስብን የለም።

ባለፈው ቅዳሜ አዋሽ ፓርክ ሄድን። ቀጠሮው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነበር። በሰዓቱ የተገኘው ሹፌሩ ብቻ ነው፤ ለሥራው አዲስ ይመስለኛል። የተነሣነው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አንዷ እህታችን ፀጉሯን እስክትሠራ መጠበቅ ነበረብን። ሳላን በመሰለ ቀንደ ረጅም የዱር እንስሳ ፊት ተንጨባርሮ መቅረብ ደግሞ ነውር ነው።

ፓርኩ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ችኩል ሰው በፈጣን መንገዱ ሽው ብሎ በጧት ይገባል። እኛ ቢሾፍቱ ለቁርስ ወረድን። አዳማ ላይ ደግሞ ሥጋ ቤት ገብተን ከእንስሳት ጋር የመጀመሪያውን ትውውቅ አደረግን፤ ከሻኛ እስከ ዳቢት። ከምር፣ የዕለቱ በጣም የተጠና ጉብኝት ይሄ ነበር። ማንም አላዛጋም፤ ማንም ስልኩን አልነካም።

መተሐራ ላይ በሰቃ ሐይቅ አለ። ዓመት በዓመት እየሰፋ አስፋልቱንና ሐዲዱን ያስጨነቀ ጉደኛ ሐይቅ ነው። ቁርጡ ከብዶን ስለነበር ተኝተን አለፍነው።

በሩ ላይ 8 ሰዓት ደረስን። የፓርኩን ጠባቂ፣ ስካውቱን፣ ገና ሰላም ሳንላቸው፣ «ጋሼ፣ አንበሳው የት ነው?» አልናቸው።

«በዚህ ፀሐይ? አንበሳ ቀርቶ እኔም ጥላ ፍለጋ ላይ ነኝ» አሉ። ጧት 12 ሰዓት ላይ ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ሳላዎቹ ሲግጡ ነበር። «11 ሰዓት ግድም በረድ ሲል ይወጣሉ። ትንሽ ብትቆዩ...»

እንቆይ? ማታ ኳስ አለ እኮ! 200 ኪሎ ሜትር ድረስ ለመጣ እንግዳ ከጥላ ብድግ አለማለት የማን አስተዳደግ ነው?

በፓርኩ ከ450 በላይ የወፍ ዝርያ ይገኛል። ተሰብስበውም ስፒከራችንን አልቻሉትም።

ዝንጀሮዎቹ ግን ጨዋ ናቸው፤ ወጥተው ተቀበሉን። አዋሽ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮዎች ተገናኝተው የሚዋለዱበት ቦታ ነው። ይህንን ለማጥናት ከባሕር ማዶ ሳይቀር እየመጡ ዓመታት የፈጁ ተመራማሪዎች አሉ። ምስኪኖች! እኛ በአንድ ፓኬት ብስኩት በአምስት ደቂቃ ጨረስነው። ስካውቱ «አትመግቧቸው፣ ይለምዱና ሰው ላይ ይዘላሉ» ሲሉ፣ አንዱ ዝንጀሮ የዚያችን ባለፀጉር ቦርሳ ይዞ ላጥ አለ። ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ አለ፤ ላይክ አድርጉ።

ፏፏቴው ጋ ጀርባችንን ለውኃው ሰጥተን ሰልፊ ተነሣን። ውኃው ጥሩ ወጥቷል፣ በግራ ትከሻዬ በኩል ትንሽ ይታያል። ባዶ ሃይላንዶቻችንን ለመታሰቢያ እዚያው ተውንላቸው። ለእንግዳ ተቀባይ ባዶ እጅ አይኬድም።

10 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። «ይሄ ፓርክ እንስሳ የለውም» አለ ከኋላ አንዱ። ሁላችንም ተስማማን። የጅቡቲው መንገድ ፓርኩን አቋርጦ ያልፋል፤ ትንሽ እንደሄድን ሹፌሩ ፍጥነት ቀነሰ።

«እዛ ማዶ... ሳላ! አምስት፣ ስድስት...»

«ንዳው ወንድሜ» አልነው፣ ቪዲዮውን እያየን። «ለኳሱ አንደርስም።»