በሻከረ ድምፅ ላይ የተነሣ ክርክር

ባሕር ዳር ውስጥ ሰብሰብ ብለን በምንጨዋወትበት ቤት ሰሞኑን ክርክር ያስነሣው፣ ሻካራና ያልተሞረደ ድምፅ ያለው የጋራዥ ሮክና እንደ ሕልም ያለ እንግዳ ድምፅ የሚፈልገው የሳይኬደሊክ ሮክ ባንዶች በአንድ ምሽት ተራ በተራ መድረክ ላይ ሲጫወቱ የሚያሳይ ቪዲዮ ነበር። ቪዲዮውን ያመጣው ጊታር የሚጫወት ወጣት መምህር ሲሆን፣ አብረውን በየሠርጉ ድንኳን ሞንታርቦ እየተከለ የሚተዳደር የድምፅ ባለሙያና በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ አንድ አዛውንት ነበሩ።

አዛውንቱ ሁለተኛው ዘፈን ሳያልቅ ተናገሩ። «ልጄ፣ ይህ ሰው ምን እያለ ነው? እኛ ጎጃም ውስጥ አዝማሪ ግጥሙ ካልተሰማ ማን ይሸልመዋል? እዚህ ግን ቃሉን ጊታሩ ውጦታል።»

«ጋሼ፣ ፈጥነው አይፍረዱ» አለ መምህሩ። የጋራዥ ሮክ ስሙን ያገኘው ወጣቶች በየቤታቸው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይለማመዱ ስለነበር መሆኑን ከነገረን በኋላ፣ ኪንግስመን የተባለው የፖርትላንድ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1963 የቀዳውን «ሉዊ ሉዊ» የተባለ ዘፈን አነሣ። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በግጥሙ ውስጥ ነውር ተደብቋል በሚል ጥርጣሬ ሸክላውን ቢመረምርም፣ ቃላቱን መለየት አልቻለም፤ ዘፈኑን ግን ሕዝቡ ወዶት ነበር።

«እንግዲያው የእኔን ቃል መርማሪዎቹም መስክረውልኛል» አሉ አዛውንቱ።

የድምፅ ባለሙያው ቅሬታ ሌላ ነበር። «እኔ ሠርግ ላይ እንዲህ ባስጮኽ ሒሳቤን የሚከፍለኝ የለም። ያንን ፉጨት ለማጥፋት አይደል እንዴ ሌት ተቀን ድምፅ ማመጣጠኛው ሚክሰር ላይ የምቆመው?» መምህሩ ቪዲዮውን ወደ ኋላ መልሶ የጊታር ተጫዋቹን እግር እንድናይ ነገረን። ሰውየው ግማሽ እርምጃ ወደ አምፕሊፋየሩ ሲጠጋ ጩኸቱ ያድጋል፤ ትከሻውን ዞር ሲያደርግ ይከስማል። ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ የጊታሩን ክር መልሶ ያንቀጠቅጠዋል፣ የክሩ ንዝረት ደግሞ እንደገና ወደ ስፒከሩ ይሄዳል፤ ተጫዋቹ ይህን ዙር በርቀትና በአቅጣጫ ይገራዋል። ባለሙያው ደግሞ ደጋግሞ ካየው በኋላ «አውቆ ነው የሚያደርገው» አለ። ከዚያ ወዲህ ብልሽት ነው ብሎ አልተከራከረም።

በእኔ ፍርድ፣ ድምፁ መሻከሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ዴቭ ዴቪስ የተባለው፣ ኪንክስ የተሰኘው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ጊታሪስት እ.ኤ.አ. በ1964 አካባቢ የአምፕሊፋየሩን ስፒከር በምላጭ የተለተለው ያንን የተሰነጠቀ ድምፅ ፈልጎ ነው። በገናም ቢሆን ያ የሚወደድለት ነዛሪ ድምፅ የሚወጣው፣ አውታሩ በሚያርፍበት እንጨት ላይ በሚገባ ቁራጭ ቆዳ ምክንያት ነው፤ ቆዳዋ በትክክል እስክትቀመጥ ድረስ ደርዳሪው ስንት ጊዜ እንደሚያስተካክላት ያየ ሰው፣ ንዝረትን ፈልጎ ማምጣት ልፋት እንደሚጠይቅ ይገባዋል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲጫወት የሰማ አድማጭም ለሻካራ ድምፅ እንግዳ አይደለም፤ ዘ ኤክስ ከተባለው የኔዘርላንድስ የፓንክ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 አልበም እስከማውጣት የደረሰው ያንኑ አጨዋወት ይዞ ነው።

በአንድ ነገር ግን ከመምህሩ ጋር አልስማማም። ቪዲዮው መጨረሻ ላይ ያለውን ረጅም ጨዋታ «ነጻነት ነው» ብሎ ተከላከለለት። እኔ የሰማሁት ግን ከበሮ መቺው ፍጥነቱን ሲቀይር ጊታሪስቱ ሳያዳምጠው በራሱ መንገድ ሲሄድ ነው፤ ኦርጋኑም ሁለቱን ለማስታረቅ ሞክሮ ተወው። እ.ኤ.አ. በ1965 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ውስጥ የተመሠረተው ሰርቲንዝ ፍሎር ኤሌቬተርስ የተባለው የሳይኬደሊክ ሮክ ባንድ እንኳ፣ አንዱ አባሉ በማሰሮ አፍ ላይ ማይክሮፎን ይዞ እየጮኸ ያን እንግዳ ድምፅ ሲያመጣ፣ ከሥሩ ከበሮውና ቤዙ ዘፈኑን አጥብቀው ይዘውለት ነበር። እርስ በርስ የማይደማመጥ ባንድ ርዝመቱ ምንም ያህል ቢሆን አያሳምነኝም።

የአዛውንቱን ጥያቄም መምህሩ ማለፍ አልነበረበትም። ቃሉን ሆን ብሎ በድምፅ መሸፈን አንድ ነገር ነው፤ የዘፋኙ ማይክሮፎን ዝቅ ስላለ ብቻ ግጥሙ ሲጠፋ ግን የሚወቀሰው ሚክሰሩ ላይ የቆመው ሰው ነው። በዚያ ቪዲዮ ከነበሩት ባንዶች ቢያንስ በሁለተኛው ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ የድምፅ ባለሙያውም በዚህ ከእኔ ጋር ተስማምቷል።