በግል ምክንያት

ሰርቪሱ መንገድ ላይ ተገትሯል። ከፊታችን መኪና፣ ከኋላችን መኪና። እንዲህ ሲሆን ወሬ መጀመሩ አይቀርም። የዚያን ቀን የጀመረው የሒሳብ ክፍሉ ሰው ነው።

«ያቺ ልጅ ለቀቀች አሉ።»

«የትኛዋ?» አሉ ከሹፌሩ ኋላ የተቀመጡት ጋሼ። ጡረታቸው ተቃርቧል፣ ጆሯቸው ግን አልደከመም።

«የሽያጭ ክፍሏ ናት። ገና ዓመትም አልሞላት። የተሻለ አግኝታ ይሆናል።»

ከግዢ ክፍል የሆነችው ሴት ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እሷ ስልኳን ከከተተች ነገር አለ ማለት ነው።

«ምንም አላገኘችም። ቤቷ ቁጭ ብላለች። አለቃዋ ነው ያስለቀቃት።»

የሒሳቡ ሰው ሳቀ። «ኧረ አታካብጂ! ሰውዬው ቀልደኛ ነው እንጂ ክፋት የለበትም። ከማን ጋር የማይቀልድ አለ? እሷም ትስቅ ነበር እኮ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እኔም አይቻለሁ፣ ጠረጴዛችን ትይዩ ነው። ቆይ፣ ጠረጴዛዋን ለምን ያዞረችው ይመስልሃል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ኬብሉን የቀየርኩላት እኔ ነኝ» አለ የአይቲው ልጅ ከኋላ ወንበር። «ብርሃኑ ስክሪኔ ላይ ያንፀባርቅብኛል ነው ያለችኝ።»

«ምን ብርሃን አለና! ከኋላዋ ይመጣና ‹እስቲ ላሳይሽ› ብሎ ማውሱን ይይዛል። ሌላኛው እጁ ትከሻዋ ላይ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። ጀርባዋን ለግድግዳ የሰጠችው ለዚህ ነው።»

የአይቲው ልጅ መስኮቱን ማየት ጀመረ። ሹፌሩ ሬዲዮኑን ቀነስ አደረገ።

«ታዲያ ለምን ትስቃለች?» የሒሳቡ ሰው አሁንም አልለቀቀም።

«ጥርስ እኮ ባዳ ነው» አሉ ጋሼ።

«ኮንትራቷን የሚያድሰው ማነው? እሱ። የሥራ አፈጻጸሟን የሚሞላው ማነው? እሱ። አንተስ የሥራ አስኪያጁ ቀልድ ሳያስቅህ ሲቀር ምን ታደርጋለህ?»

«ይስቃል» አሉ ጋሼ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። ግን አልተረታም። «እሺ፣ ነገ እኔ ‹ልብሱ ያምርብሻል› ብልሽ ልትከሺኝ ነው?»

«ያምርብሻል ብለህ ምን ታደርጋለህ? ትሄዳለህ። እሱ ቆሞ መልስ ይጠብቃል። ካልመለስሽ ያኮርፋል። ሲያኮርፍ ፈቃድ አይፈርምም። እንዲያውም ‹እሺ ካልሽ እድገት፣ እምቢ ካልሽ ስንብት› ብሎ በግልጽ ቢናገር ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ስሙ ይታወቃል። ይሄኛው ግን ምንም አይጠይቅም። የምትሠሪበትን ክፍል አየር ብቻ ያበላሸዋል።»

የአይቲው ልጅ ከመስኮቱ ተመለሰ። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀውን፣ ስለ ሥራ ላይ ጥቃትና ትንኮሳ የሚናገረውን 190 ቁጥር ስምምነት አንብቦታል። «ድርጊቱ የግድ መደጋገም የለበትም፣ አንድ ጊዜም ይበቃል ይላል። ቢሮ ውስጥ ብቻም አይደለም። በስልክ የሚላክ መልእክት አለበት፣ የመስክ ጉዞ አለበት። ወደ ሥራ ስንሄድና ስንመለስም ይጨምራል።»

«ይሄ ሰርቪስም?» አለ ሹፌሩ።

«ይሄ ሰርቪስም።»

ሹፌሩ በመስታወቱ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየን።

«ቢሆንም» አለ የሒሳቡ ሰው፣ «አፍ አላት አይደል? ለምን አልተናገረችም?»

ልጁ ለዚህም መልስ ነበረው። ይኸው ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ በ121 አገሮች ወደ 75 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞችን አስጠይቆ ውጤቱን በ2022 አውጥቷል። ሥራ ላይ ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ደርሶብኛል ያለው ከ15 ሰው አንዱ ነው። ሴቶች 8.2 በመቶ፣ ወንዶች 5 በመቶ። («ወንዶችም?» አሉ ጋሼ። ለዚህ ጥያቄያቸው ጊዜ የሰጣቸው ሰው አልነበረም። ያሳዝናል፣ መነጋገር ነበረብን።) ስድብ ይሁን ዱላ ወይም ትንኮሳ፣ ሥራ ላይ ከደረሰባቸው ሰዎች ለሌላ ሰው የተናገሩት ከግማሽ ብዙም አይበልጡም። ዝም ያሉት ለምን ዝም አላችሁ ሲባሉ በብዛት የሰጡት መልስ ሁለት ነው። ጊዜ ማባከን ነው፣ ስሜም ይጠፋል።

«በእኛ ጊዜ እንዲህ የሚባል ነገር አልነበረም» አሉ ጋሼ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ «ስሙ ነው ያልነበረው» ብለው ራሳቸውን አረሙ።

እዚህ ላይ እኔም ገባሁ። ስሙ እንዴት እንደመጣ የማውቀው ታሪክ ነበረኝ። ካርሚታ ዉድ የምትባል ሴት አሜሪካ ውስጥ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ስምንት ዓመት ሠርታ እ.ኤ.አ. በ1974 ለቀቀች። አንድ ፕሮፌሰር እጁን አልሰበስብ ብሎ አስቸግሯት ነው። ወደ ሌላ ክፍል አዛውሩኝ ብላ ነበር፣ አልሆነም። ከለቀቀች በኋላ ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈለውን ድጎማ ስትጠይቅ ለምን ለቀቅሽ ተባለች። የደረሰባትን የምትጠራበት ቃል አጣች፣ አፈረችም። ቅጹ ላይ የግል ምክንያት ብላ ጻፈች። ጥያቄዋ ውድቅ ሆነ። በዓመቱ፣ በ1975፣ ሴቶች ተሰብስበው እርስ በርስ ሲያወሩ የሁሉም ታሪክ ተመሳሳይ ሆነ። ዛሬ ወሲባዊ ትንኮሳ የምንለውን ነገር በእንግሊዝኛ ስም ያወጡለት ያኔ ነው።

ወሬዬን ስጨርስ የግዢዋ ሴት ወደ እኔ ዞረች። «አንተ የሰው ኃይል ክፍል አይደለህ? የልጅቷ መልቀቂያ ምን ይላል?»

ደብዳቤውን ተቀብዬ ፋይል ያደረግኩት እኔ ነኝ። አራት መስመር ነው።

«በግል ምክንያት» አልኳት።

ሰርቪሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሌላ ወሬ ተነሣ፤ እኔ ግን እዚያው ቀረሁ።

ቤት ገብቼ ሳስበው የሒሳቡ ሰው በአንድ ነገር ልክ ነበር፤ ስንለያይ ጮክ ብሎ የተናገረው ነው። ሰው በሰርቪስ ወሬ አይባረርም። ሰውዬው ተጠርቶ ቃሉን መስጠት አለበት። በዚህ እስማማለሁ። ስለ ሳቋና ስለ ዝምታዋ ግን ተሳስቷል። ለምን አልተናገረችም ከማለት ለማን ትናገር ነበር ማለት ይሻላል። የእኛ መሥሪያ ቤት መመሪያ ቅሬታ በቅድሚያ ለቅርብ አለቃ ይቀርባል ይላል። የቅርብ አለቃዋ እሱ ነው።

ይህን መመሪያ ሁለት ጊዜ ታይፕ አድርጌዋለሁ፤ አንዴም አልታየኝም።

ሌላ በር ቢኖር ኖሮ፣ ከክፍሉ ውጭ የሆነና እሱ የማያዘው ሰው ቅሬታ የሚቀበልበት፣ ትሞክር ነበር ይሆናል። የግዢዋ ሴት ያየችውን በቀንና በሰዓት ጽፋ ብትሰጣት ምስክር ይሆናት ነበር። ልጁም ጠረጴዛውን ሲያዞር «ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ ቢጠይቅ። እሱን አልፈርድበትም፣ ገና ልጅ ነው። እኔ ግን ሥራዬ ነው። የሚለቅ ሰው ፊቴ ሲቀመጥ የምጠይቀው መታወቂያውን መልሷል ወይ፣ ንብረት አስረክቧል ወይ ብቻ ነው። ልጅቷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የቢሮ ቁልፍ አስረከበችኝ። ቁልፉን ቆጥሬ ተቀበልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳይገባ የፋይል ካቢኔቱን ከፈትኩ። ከዚያ ክፍል በሁለት ዓመት ሦስት መልቀቂያ ገብቷል። ሦስቱም የሴቶች ናቸው። ሦስቱም በግል ምክንያት ይላሉ። ከታች «ተቀባይ» የሚለው ላይ ሦስቱም የእኔ ፊርማ አለባቸው።