«እንጉዳይ ውሃ ይወዳል» እያላችሁ አትጨርሱን

ፍልሰታ በገባ ቁጥር ያው ፎቶ ነው የሚለጠፈው። ትናንት ነጭ የነበረ ኦይስተር እንጉዳይ ዛሬ ቆቡ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ፣ ነገ ቡናማ፣ ሲነኩት የሚያዳልጥ፣ በተለይ አንዱ ቆብ በሌላው ላይ ተደርቦ ውሃ የቋጠረበት ቦታ። ቡቃያውም ገና የክብሪት ራስ ሳያክል ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ከሥሩ ደግሞ ያው ኮሜንት፦ «ውሃ ጠምቶት ነው፣ ጨምርለት።» ሌላው ይነሣና «ፈንገስ ነው፣ የፈንገስ መድኃኒት ርጭበት» ይላል። ኧረ በእመቤቴ! እንጉዳዩ ራሱ እኮ ፈንገስ ነው! መድኃኒቱ ማንን ትቶ ማንን ይግደል?

ይሄ የባክቴሪያ በሽታ ነው። ባክቴሪያው ሱዶሞናስ ቶላሲ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1919 ስም የወጣለት የቆየ ጠላት እንጂ ዘንድሮ ጎጃም ላይ የወረደ መዓት አይደለም፤ የሰው ዓይንም አልበላውም። በወንዝ ውሃ፣ በጉድጓድ ውሃ፣ በአፈር፣ እንጉዳዩ በሚበቅልበት ጭድም አለ። ስለዚህ «ከየት መጣ?» ብሎ መፋጠጥ ትርፉ ድካም ነው። ጥያቄው ቆቡ ስንት ሰዓት እርጥብ ሆኖ ቆየ የሚለው ነው። ውሃ ተኝቶ ሲያገኝ ይራባል፣ ቶላሲን የሚባል መርዝ ይለቃል፣ መርዙ የእንጉዳዩን ሕዋስ ሽፋን ይበሳል። ቡናማው ቀለም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው፤ የተላጠ ድንች አየር ላይ ሲቆይ እንደሚጠቁረው መሆኑ ነው።

ስለዚህ ውሃ ካጠጣችሁ በ2 ወይም በ3 ሰዓት ውስጥ ቆቡ ደረቅ መሆን አለበት። የሞባይል ባትሪ አብሩና ከጎን እዩት፤ ካብለጨለጨ መስኮት ክፈቱ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አጠጡ። ማታ 12 ሰዓት ላይ አጠጥቶ፣ በር ዘግቶ መተኛት ባክቴሪያውን እራት አብልቶ እንደማስተኛት ነው። ሲሆን ሲሆን ወለሉንና ግድግዳውን እንጂ እንጉዳዩን አትርጩ።

«እኔ ክረምት ላይ ጭራሽ አላጠጣሁም፣ ግን ያዘኝ» የሚል አለ። ሌሊቱስ? የክፍሉ አየር 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 90 በመቶ ከሆነ ሙቀቱ 2 ዲግሪ ያህል ሲወርድ ጠል ይሠራል። በደብረ ማርቆስ ሌሊት 2 ዲግሪ ምን አላት! ኅዳርና ታኅሣሥ ላይማ፣ ልክ የነቢያት ጾም ገበያ ሲደራ፣ ቆርቆሮው ከውስጥ ላብ ያልበውና ጠብ፣ ጠብ እያለ እንጉዳዩ ላይ ሲወርድ ያድራል። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ወይም ወፍራም የሣር ክዳን አድርጉ፣ እርጥበቱን ከ85 እስከ 90 በመቶ ያዙት፤ ከዚያ በላይ ለምን እንደሚፈለግ አይገባኝም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለወንዝ ብቻ አይደለም።

በረኪና የሚጠይቁ አሉ። ይረዳል፣ ግን ለመከላከል እንጂ የጠቆረውን አያነጣም። 5 በመቶ የሆነ፣ ሽቶ ያልተጨመረበት በረኪና ለ20 ሊትር ጀሪካን የማጠጫ ውሃ 60 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ 150 ፒፒኤም (በአንድ ሊትር 150 ሚሊ ግራም) ይሆናል። ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ በረኪና ግን ኃይሉ አልቋልና ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ከማጠጣታችሁ በፊት የታመመውን ለቅማችሁ አውጡ፤ የውሃው ፍንጣሪ ነው ወደ ጤነኛው የሚያሻግረው። ትንኟም በእግሯ ታዞራለች።

አሁን ወደ ዘር ሻጮቹ፤ ዘር ስል በጠርሙስ ውስጥ፣ በተቀቀለ ማሽላ ላይ የሚራባውን የእንጉዳይ ዘር ማለቴ ነው። ማሽላው ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈ፣ ቅባት የተቀባ የሚመስል፣ ሲከፈት እንደ ተበላሸ ሊጥ የሚሸት ዘር «ጤነኛ ነው፣ ትንሽ ረጠበ እንጂ» ብላችሁ የምትሸጡት ለማን ነው? ይሄ ሌላ ባክቴሪያ ነው፣ ባሲለስ። ስፖሩ፣ ማለትም ጠንካራ ሽፋን ለብሶ የተኛው ባክቴሪያ፣ በፍል ውሃ አይሞትም። ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በርሜል ውስጥ በእንፋሎት የቀቀላችሁት ማሽላ 100 ዲግሪ እንኳ አላየም! መጽሐፉ ለግፊት ማብሰያ (ፕሬዠር ኩከር) «15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)፣ 121 ዲግሪ፣ 90 ደቂቃ» የሚለው ለባሕር ወለል ነው። ባሕር ዳር ላይ የማብሰያው ጌጅ ያንኑ 15 ሲል ውስጡ 118 ገደማ፣ ማርቆስ ላይ 117 ገደማ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን አስረዝሙ፤ ቫልቩን ከመዝጋታችሁ በፊትም እንፋሎቱ 10 ደቂቃ ይውጣ፣ አየር ከቀረ ጌጁ ይዋሻል። ማሽላውን ከ12 እስከ 24 ሰዓት አስቀድማችሁ ዘፍዝፉ፤ የተኛው ስፖር ይነቃና ሙቀቱ ሲመጣ ይሞታል። ከዘፈዘፋችሁ በኋላ ላዩ እስኪደርቅ አስጡት። ይቺን መዝለል ነው ሁሉን የሚያበላሸው።

ጭዱም ያው ነው። የጤፍ ጭድ ጨምቃችሁ በጣታችሁ መሃል 1 ወይም 2 ጠብታ ከወጣ ልኩ ነው፤ ከፈሰሰ ገና አልተንጠፈጠፈም። ጭዱ የታጨቀበት ከረጢት ሥር ቢጫ ውሃ ከተጠራቀመ በመርፌ ብሱት።

እሺ፣ ይሄ ሁሉ ተሠርቶ ንጹሕ እንጉዳይ ወጣ እንበል። ከዚያ ገና ትኩስ ሳለ ፌስታል ውስጥ ይታጨቅና አፉ ይቋጠራል፣ በባጃጅ ፀሐይ ለፀሐይ ገበያ ይሄዳል። ፌስታሉ ከውስጥ ያልበዋል። ሆቴል በር ሲደርስ ነጠብጣቡ ወጥቷል፣ ሼፉ ይመልሰዋል፣ «ዘሩ ነው» ይባላል። በሰፌድ አስጥቶ ማቀዝቀዝ፣ በካርቶን መያዝ ምን ያህል ብር ይጠይቃል?