እንቅልፍ የነሳን ኢንተርኔት አይደለም

ሰሞኑን አንድ የመርከብ ኩባንያ ለሠራተኞቹ የላከው ማስታወቂያ ባሕረኞች በሚገናኙበት የቴሌግራም ግሩፕ ሲዞር ሰንብቷል። የመርከቡ ዋይፋይ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሠራተኛው ዝግ ይሆናል ይላል። ምክንያቱም ተጽፏል። ኢንተርኔት ባሕረኛውን እንቅልፍ ነስቶታል፤ ያልተኛ ሰው ደግሞ አደጋ ያመጣል።

አንብቤ ስጨርስ ደሜ ፈላ። እኔም መርከብ ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ። ስለ ድካም ማን እያወራ ነው? በዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት መሠረት አንድ ባሕረኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት ደግሞ 77 ሰዓት ማረፍ አለበት። ይህ ቁጥር ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚሞላ ባሕር ላይ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ወደብ ስትገባ ጭነት ሲወርድና ሲወጣ ያድራል። በማግስቱ ኢንስፔክተር ይመጣል። ከወደብ ወጣሁ ብለህ ጋደም ስትል አላርም ይጮህና ወደ ኢንጂን ሩም፣ ወደ ሞተር ክፍሉ ትሮጣለህ። ሰው ቀንሶ ሥራ የቆለለ ኩባንያ ዛሬ የእንቅልፍ ጠበቃ ሆኖ ሲመጣ አልቀበለውም። ድካም ካሳሰበው ሁለት ሰው ይቅጠር።

ሰዓቱን የመረጠው ሰው ራሱ መርከብ ላይ ያደረ አይመስለኝም። ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ተረኛ የሆነ መኮንን ሥራውን ሲጨርስ ኔትወርኩ ዝግ ነው። እሺ፣ እርሱን እንተወው። መርከቡ ፓስፊክ መሀል ነው እንበል፣ ከአዲስ አበባ 9 ሰዓት ቀድሞ። በመርከቡ ምሽት 4 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። በመርከቡ ሲነጋ ደግሞ እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል። ልጁ ከትምህርት ቤት የሚመለስበት፣ ሚስቱ ከሥራ የምትገባበት፣ ቤተሰቡ እራት የሚበላበት ሰዓት በሙሉ በዚህ መሀል ነው። ኢንተርኔቱ ሲከፈት ልጁ ተኝቷል።

ደህንነት ከተነሳ ደግሞ ዋካሺዮ የተባለውን መርከብ እናንሳ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 2020 ይህ 300 ሜትር ገደማ የሚረዝም የጃፓን መርከብ ሞሪሸስ ዳርቻ የኮራል ድንጋይ ላይ ወጣ። ወደ 1,000 ቶን የሚጠጋ ነዳጅ ባሕሩ ላይ ፈሰሰ። ዓሣ አጥማጁ ሥራ ፈታ፤ ሕዝቡ በአገዳ ገለባ መከላከያ እየሰፋ ዘይቱን ሊያግድ ወጣ። መርከቡ ወደ ብራዚል የሚሄድ ነበር። ሞሪሸስ ላይ የሚያራግፈው ነገር አልነበረውም። ታዲያ እዚያ ምን ወሰደው? መልሱን የሰጠው መርከቡን የተከራየው ሚትሱይ ኦኤስኬ ላይንስ ራሱ ነው። ኩባንያው በዲሴምበር 2020 ባወጣው መግለጫ መሠረት፣ ከደሴቷ 22 ኖቲካል ማይል ርቆ ለማለፍ የነበረው ዕቅድ ከአደጋው ሁለት ቀን በፊት ወደ 5 ዝቅ ተደረገ። በዕለቱ ደግሞ ወደ 2 ማይል ለመጠጋት ተሞከረ። የሞባይል ሲግናል ለማግኘት!

ካፒቴኑ ጥፋተኛ ነው። እርሱና ምክትሉ 20 ወር ተፈርዶባቸዋል። መርከቡ ላይ የልደት ድግስ እንደነበርም በፍርድ ቤት ተነግሯል። ይሁን። ግን መርከቡን ወደ ዳርቻ የሳበው ድግሱ አልነበረም። ያን ሁሉ ብረት ወደ ድንጋዩ የጎተተው የቤተሰብ ድምፅ የናፈቃቸው ሰዎች ጉጉት ነው። የስልክ ማማ ሲግናል ባሕር ላይ ብዙ አይዘልቅም። ስለዚህ መሬት ብቅ ባለ ቁጥር ሠራተኛው ደክ (የመርከቡ የላይኛው ወለል) ላይ ይወጣል፣ ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሳል። አንዱ «ገባልኝ!» ካለ ሁሉም ወደ እርሱ ይሮጣል። ካፒቴኑም ሰው ነው፣ እርሱም እናት አለችው። ትንሽ ጠጋ ብንል ምን ይለናል ይላል። ከዋካሺዮ በፊትም በኋላም ስንት መርከብ እንዲህ ተጠግቶ፣ ድንጋይ ስላላገኘው ብቻ ዜና ሳይሆን አለፈ? ብዙ ነው እላለሁ። ማታ ማታ ዋይፋይ የሚዘጋ ኩባንያ መርከቡን ወደ ዳርቻ እየገፋ ነው። ካቢኑ ውስጥ የከለከለው ስልክ በተረኛ ሰዓት ብሪጅ (መርከቡ የሚነዳበት ክፍል) ላይ ይወጣበታል።

ተረኛ ሆኖ ስልክ መነካካት ክልክል ይሁን፣ በዚህ አልከራከርም። የሠራተኛው ኔትወርክም ከመርከቡ መቆጣጠሪያ ሲስተም መለየት አለበት። አንድ ሰው ፊልም እያወረደ የሌላውን መስመር እንዳያጨናንቅ ለእያንዳንዱ ድርሻ መመደብ ይቻላል። ይህን ሁሉ መርከቡ ላይ ያለው ራውተር ይሠራዋል። ለዚህ ሲባል የሁሉንም መቆለፍ ስንፍና ነው።

ድሮ ወጪ የሚባል ሰበብ ነበራቸው። ሳተላይቱ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ስለነበር «ሄሎ» ብለህ መልስ እስኪመጣ ትጠብቃለህ፣ ሜጋውም እሳት ነበር። አሁን 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች አሉ። ስታርሊንክ እ.ኤ.አ. በ2022 የባሕር አገልግሎቱን ሲጀምር ዋጋው በወር 5,000 ዶላር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ርካሽ አማራጭ መጥቷል። በቀን 30 ቶን ነዳጅ የሚያቃጥል መርከብ፣ ቶኑን በ500 ዶላር ብናስበው፣ በቀን 15,000 ዶላር ያጨሳል። ያ ውድ የተባለው የወር ሒሳብ የስምንት ሰዓት ነዳጅ ነው። መቆራረጥ አለ፣ አውቃለሁ። የጭስ ማውጫው ወይም ክሬኑ አንቴናውን ይጋርደዋል። ፈቃድ ያልሰጡ አገሮች የባሕር ክልል ሲገባም አገልግሎቱ ይቋረጣል። ሁለተኛ አንቴና መትከልና የቀድሞውን ሳተላይት በመጠባበቂያ መያዝ ነው መፍትሔው።

ሕጉስ? የዚያ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ማሻሻያ ከዲሴምበር 23 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። የመርከብ ባለቤቶች «በተቻለ መጠን» ኢንተርኔት ያቅርቡ፣ ክፍያ ካለም ተመጣጣኝ ይሁን ይላል። ይህችን «በተቻለ መጠን» ያስገቡት ሰዎች በሩን ክፍት ትተውላቸዋል። ኩባንያዎቹም በዚያው እየገቡ ነው።

ይህ ጉዳይ የእኛም ነው። ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ከሚገኘው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ማሠልጠኛ የሚወጡ ልጆቻችን ኢንጂነርና ኤሌክትሮ ቴክኒካል ኦፊሰር (የመርከቡ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ) ሆነው በውጭ መርከቦች ይሠራሉ። አንቴናው ሲበላሽ ጨረር እንዳያገኘው አጥፍቶ፣ ማስት የሚባለው ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚያየው እርሱ ኤሌክትሮ ቴክኒካል ኦፊሰሩ ነው። ኔትወርኩን የሚጠግን ልጅ ለእናቱ ለመደወል ካርድ ይገዛል፣ አሁን ደግሞ ሰዓት ይጠብቅ ተባለ። ይህ ግፍ ነው።

ኮንትራት የምትፈርሙ ወንድሞችና እህቶች፣ ኤጀንሲው «መርከቡ ዋይፋይ አለው» ካላችሁ አይበቃም። በወር ስንት ጊጋ፣ በስንት ዶላር፣ በየትኛው ሰዓት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። የመጀመሪያ መርከቡን የሚጠባበቅ ልጅ ይህን ጠይቆ እምቢ ማለት እንደማይችል ይገባኛል። ስለዚህ ጥያቄውን በእርሱ ፋንታ ማንሳት ያለበት የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው። ባሕረኞቻችን በሚቀጠሩበት ውል ውስጥ የ24 ሰዓት ኢንተርኔት የሚል አንድ መስመር ያስገባ፤ ያንን መስመር የማይቀበል ኩባንያ ሠራተኛ ከሌላ አገር ይፈልግ።