እርማት፦ የናዚ ሹማምንት ቤተሰቦች ሁሉ አርጀንቲና አልገቡም

«ከጦርነቱ በኋላ የናዚ ሹማምንት ሚስቶችና ልጆች ስማቸውን ቀይረው ወደ ደቡብ አሜሪካ ጠፉ» ብለው ለጻፉት ወንድማችን፦ ይህ በብዙዎች ዘንድ የሚታመን ነገር ቢሆንም ትክክል አይደለም። በጣም ከሚታወቁት ቤተሰቦች ብዙዎቹ እዚያው ጀርመን ቀርተዋል።

የራይንሃርድ ሃይድሪክን ሚስት ሊናን እንይ። በጥር 1942 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አይሁዶችን የመጨረሱ እቅድ የተመከረበትን የቫንዜ ስብሰባ የመራው ባሏ ነው። በዚያው ዓመት ፕራግ ላይ በአርበኞች ጥቃት ቆስሎ ሞተ። እሷ ግን በ1950ዎቹ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ተሟግታ በጦርነት የሞተ ጄኔራል ሚስት የሚገባትን ጡረታ አስፈረደች፤ በፌማርን ደሴትም የእንግዳ ማረፊያ ከፍታ ኖረች። ከእልቂቱ የተረፉት ለካሳ ሲንከራተቱ ይህ መሆኑ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የኤስኤስ (የናዚ ፓርቲ የታጠቀ ድርጅት) አለቃ የነበረው የሂምለር ልጅ ጉድሩንም በ2018 እስክትሞት አባቷን አልካደችም፤ የቀድሞ የኤስኤስ አባላትን የሚረዳ ማኅበር ትደግፍ ነበር። ይባስ ብሎ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የምዕራብ ጀርመን የስለላ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ አድርጎ ቀጥሯታል።

ወሬው ግን ያለ መነሻ አልመጣም። አይሁዶችን ወደ ሞት ካምፖች ማጓጓዙን ያደራጀው የአዶልፍ አይሽማን ሚስትና ልጆች በ1952 አርጀንቲና ገብተዋል። አባትየው «ሪካርዶ ክሌመንት» ተብሎ ቢደበቅም ልጆቹ አይሽማን በሚለው ስም መጠራታቸውን አልተዉም፤ በ1960 ለመያዙ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ልጆቹን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየትም ስህተት ነው፤ በተያዘችው ፖላንድ የናዚ ገዢ የነበረው የሃንስ ፍራንክ ልጅ ኒክላስ አባቱን በአደባባይ አውግዟል።